እስቲ ልየው

ከቡሬ ስንነሣ ደህና ነበር ሞተሩ፤
አርባ ኩንታል በርበሬ፣ በሸራ ታስሮ እስከ ዳሩ።
ጅጋን አለፍ እንዳልን አንዳች ነገር ለከፈው፣
አይሱዙውን እንደ ባለ ወባ ብርድ አንዘፈዘፈው።
ዳገት ሲያይ ይለግማል፣ ማርሽ ስቀንስ ያጓራል፣
በማርሚታው ከኋላ ጥቁር ጥቁር ያወራል።
ከቅዳሴ የሚመለስ ሁሉ ነጠላውን አፉ ላይ ጣለ፤
አንዲት ሴትዮ "ጭሳችሁ በራሳችሁ ይመለስ!" ስትል
ረዳቴ ሽባባው፣ ልማድ ሆኖበት፣ "አሜን" አለ።

ደምበጫ፣ ከአስፋልቱ ገባ ብሎ፣ ባሕር ዛፍ ሥር ነው ጋራዡ፤
ወለሉ ዘይት የጠገበ አፈር፣ ወንበሩ በርሜል፣ ለእንግዳም ለወዳጁ።
ባለቤቱ ልየው ይባላል።
እናቱ ምን ታይቷት እንዳወጣችለት እንጃ፤
ሥራ ሲጀምር የሚጠራው የራሱን ስም ነው፦
"እስቲ ልየው።"

"ናፍጣው ነው፣ ላምባ ገብቶበት" አለ አንዱ፤
"የሰው ዓይን ነው" አለ ሌላው፤ ሁሉም እንደየመንገዱ።
ልየው ዝም። ጭሱን በመዳፉ ተቀብሎ በጣቱ አሻሸው፣
የካቻቪቴውን ጫፍ ሞተሩ ላይ ተክሎ፣ እጀታውን ጆሮው ላይ አስጠጋው።

"ሰማያዊ ቢሆን ዘይት ይበላል እልህ ነበር፤
ነጭ ቢሆን ውሃ ገብቷል፣ ቴስታታው ይወርዳል፣ አዘጋጅ ብር።
ጥቁር ግን ያጎረሱትን ሳያላምጥ የሚተፋ ነው፤
ወይ አየር አጥሮታል፣ ወይ ናፍጣ በዝቶ አንቆታል፤
ሁለቱም ትንፋሽ መንፈግ ነው።"

መጀመሪያ ፊልትሮውን አወጣ።
ጎማው ላይ መታ መታ ሲያደርገው የመንገዱ ሁሉ ወረደ፦
ቀይ አፈር፣ የአውድማ ገለባ፣
አንዲት የደረቀች ንብ።
"በቃ፣ ተገኘ!" አለ ሽባባው።
"ይሄ ግማሹ" አለ ልየው፤ "ትርታው ገና ነው።"

ሚኒሞ ላይ አስነሣና ከአራቱ ቧንቧ
አንዱን በአሥራ ሰባት ቁልፍ ላላ አደረገው፤
ሞተሩ ደነገጠ፣ ሊጠፋ ትንሽ ቀረው።
አጠበቀ። "ይሄ ይሠራል።"
ሁለተኛውን ፈታ፤ ያም ተንገዳገደ። "ይሄም ይሠራል።"
ሦስተኛውን ሲፈታ
ምንም።
ያው ድምፅ፣ ያው መንቀጥቀጥ፤ እንዳለም፣ እንደሌለም።
"አየህ" አለኝ፣ "ሲቀንሱት የማይጎድል፣
በሽታው እሱ ጋ ነው።"

እኛም ቤት አራት ነን።
ሦስተኛው፣ አንሙት፣ መተማ ለሰሊጥ አጨዳ የወጣ ጊዜ
የቤታችን ድምፅ አልተለወጠም፤
በሬው ተጠመደ፣ ዕቁቡ ተጣለ፣ በጉ ለፋሲካ ታረደ፤
"ድሮም ሰነፍ ነው" አልን። ይኸው ሦስት ዓመት ሄደ።

"ሰነፍ ነው?" አልኩት ልየውን።
ስለ ሞተሩ መሰለው።
"ምን በወጣው! ናፍጣው እኩል ይደርሰዋል፣ እንደ ሦስቱ፤
ችግሩ አፉ ነው። መርጨት ሲገባው ያንጠባጥባል፣
ያልተረጨ አይነድም፤ ያልነደደ ጭስ ሆኖ ይወጣል።
ፖልቬራይዘሩ ይታጠባል፣ ግፊቱ ይለካል፣ ይመለሳል።
አይጣልም።"

ወደ ማታ አስነሣን።
ልየው አንዲት የብር ሳንቲም ሞተሩ ላይ በጎኗ አቆመ፤
ቆመች።
ጭሱ ስስ፣ ግራጫ ሆኖ ባሕር ዛፉ ውስጥ ጠፋ።
ሒሳቡን ከፈልኩ፣ በላዩ ሁለት ኪሎ በርበሬ፤
"ፊልትሮውን እንዳትረሳ" ብሎ ሸኘኝ። እጁን አልጨበጥኩም፣ ክርኑን ሰጠኝ።

ደብረ ማርቆስ ሳንደርስ ዳር ይዤ ቆምኩ።
ሞተሩን አላጠፋሁም። ሽባባው ተኝቷል።
የሦስተኛውን ቁጥር ደወልኩ።
ጠራ። ጠራ። ተነሣ።
"ሃሎ" እንኳ አላለም፤
ትንፋሽ ብቻ፣ ከፍ ዝቅ የሚል።
ካቻቪቴ የለኝ፤ ጆሮዬን አስጠጋሁ፣
እስቲ ልየው
ብዬ።